አንድ ቂብላ ይዘው ለምን ተዋጉ? ከአቼ ሕዝብ የምንማረው

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «እስልምና የአገር አንድነት ወገን ነው ወይስ ራስን በራስ የማስተዳደር?» ይሉኛል። አንዱ «ኡማው አንድ ስለሆነ የብሔር መብት የሚባለው ሁሉ ዐሰቢያ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሕዝቤ እየተበደለ አንድነት የሚሉት የበዳይ መሸፈኛ ነው» ይላል። ሁለቱም ቁርኣን ይጠቅሳሉ፤ ሁለቱም ሐዲስ ያነባሉ። ዛሬ ለዚህ ጥያቄ በአቅሜ መልስ ልሰጥ ተነስቻለሁ። ለማስረዳትም የኢንዶኔዥያን ታሪክ መርጫለሁ። እዚያ የተዋጉት ሁለቱም ወገኖች ሙስሊሞች ስለነበሩ «ጠቡ የሃይማኖት ነው» የሚለው የተለመደ ማምለጫ አይሠራምና።

አስቀድሞ ግን ዲናችን ምን እንደሚል እንመልከት። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሩም የቋንቋዎቻችንንና የመልኮቻችንን መለያየት ከታምራቱ አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። በሱረቱል ሑጁራትም ሕዝቦችና ነገዶች ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን፣ በእርሱ ዘንድ የሚከበረውም ይበልጥ የሚፈራው መሆኑን አስተምሮናል። እንግዲህ ልዩነት ታምር ከሆነ ልዩነትን ለማጥፋት መነሳት ከአላህ ሥራ ጋር መጣላት ነው። ዓላማው መተዋወቅ ከሆነ ደግሞ ልዩነትን የመናናቂያና የመጋደያ ምክንያት ማድረግም ያው ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ያስጻፉት ሰሒፋ ይህንኑ በሥራ ያሳየናል። ውሉ የቁረይሽ ሙሃጂሮችን፣ በኑ ዐውፍን፣ በኑ ሳዒዳን፣ በኑ ነጃርንና ሌሎቹንም በየስማቸው ይጠራል። እያንዳንዱ ጎሳ የደም ካሳውን እንደ ቀድሞ ልማዱ ይከፍላል፤ የተማረከበትንም ሰው ራሱ ያስለቅቃል። መዲና ስትጠቃ ግን ሁሉም በአንድነት ይከላከላሉ፤ ያልተስማሙበትም ጉዳይ ወደ አላህና ወደ መልእክተኛው ይመለሳል። አይሁዶችም ሃይማኖታቸውን ይዘው በውሉ ገብተዋል። ይህ ውል የጎሳን ስም ሳይፍቅ የጋራ ከተማ አቆመ። የቤት ጉዳይ በቤት ሲያልቅ፣ የጋራው ጉዳይ በጋራ ይዳኝ ነበር።

አሁን ወደ አቼ እንሂድ። በዚህ ታሪክ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አቼ በሱማትራ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ያለች ክፍለ ሀገር ናት። የዚያ ምድር ሑጃጆች በመርከብ ወደ ሐጅ የሚነሱባት በመሆኗ «የመካ በረንዳ» ትባል ነበር። ኢንዶኔዥያ ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶችና ከ700 በላይ ቋንቋዎች ያላት፣ ከሕዝቧ ከአሥሩ ስምንት የሚበልጠው ሙስሊም የሆነባት አገር ናት። በ1945 ነፃነቷን ስታውጅ ሆላንዶች ተመልሰው ብዙውን ክፍል ቢይዙም የአቼን ዋና ምድር ግን መልሰው ሊገዙ አልቻሉም። በ1948 የሪፐብሊኩ መሪ ሱካርኖ አቼን በጎበኙ ጊዜ ሕዝቡ ገንዘቡንና ወርቁን አዋጥቶ ለአዲሲቱ አገር የመጀመሪያ ከሆኑት አውሮፕላኖች አንዱን ገዛላት። እንግዲህ ይህ ሕዝብ ከመጀመሪያው አንድነትን የጠላ አልነበረም። ለአንድነት ጌጡን አውልቆ የሰጠ ሕዝብ ነበር።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? በ1950 ማዕከላዊው መንግሥት የአቼን ክፍለ ሀገርነት አንስቶ ከሰሜን ሱማትራ ጋር ቀላቀላት። ይህም ሕዝቡ ሳይመከር የተደረገ ነበር። በ1953 ታላቁ ዓሊምና የቀድሞው አስተዳዳሪ ዳውድ በሩኤ ዐመፅ አስነሱ። በ1959 መንግሥት አቼ በሃይማኖት፣ በትምህርትና በባህል ሕግ ልዩ ክፍለ ሀገር እንድትሆን ቃል ገባ፤ ጦርነቱም ቀስ በቀስ በረደ። ይሁን እንጂ በሱሃርቶ ዘመን ሥልጣን ሁሉ ወደ ጃካርታ ተሰብስቦ ያ ቃል በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ።

በ1971 በሰሜን አቼ አሩን በሚባል ቦታ ከፍተኛ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። ፋብሪካው ተተከለ፣ ጋዙ በመርከብ ተጭኖ ተሸጠ፣ ገንዘቡም ወደ ማዕከል ሄደ። የአካባቢው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ግን የፋብሪካውን ብርሃን ከሩቅ እያየ በድህነቱ ኖረ። በታኅሣሥ 1976 ሐሰን ዲ ቲሮ የነፃ አቼን ንቅናቄ መሠረቱ፤ ጥያቄውም ከራስ አስተዳደር አልፎ መገንጠል ሆነ። ከ1989 እስከ 1998 አቼ የወታደራዊ ዘመቻ ቀጣና ሆና ቆየች። በግጭቱ ዘመን ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከእነርሱም የሚበዙት መሣሪያ ያልያዙ ሰዎች ነበሩ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ገዳዩም ሟቹም ፊታቸውን ወደ አንድ ካዕባ የሚያዞሩ ነበሩ። በአንዱ ሰፈርም በሌላውም ሰፈር አዛን ይደረግ ነበር። ታዲያ ወንድማማችነታቸው ለምን አላዳናቸውም? እኔ እንደምረዳው ወንድምነት ግዴታ የሚያመጣ ነገር እንጂ ግዴታን የሚያስቀር አይደለም። «ወንድሜ ነህ» እያሉ የወንድምን ድርሻ መብላት ዙልም ነው፤ ዙልሙም ከባዕድ ዙልም ይልቅ ያንገበግባል። ቃል ሰጥቶ ማፍረስም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሙናፊቅ ምልክቶች የቆጠሩት ነው። የአቼን አንድነት የሸረሸረው ቋንቋዋ ወይም ባህሏ አልነበረም። አንዴ ተሰጥቶ የታጠፈው ቃል ነው፤ ሳይካፈል የተወሰደው ሀብት ነው።

በ1998 ሱሃርቶ ከሥልጣን ወረዱ፤ ኢንዶኔዥያም ወደ ዴሞክራሲ ተሸጋገረች። የጦር ኃይሉ አዛዥም በዚያው ዓመት ለአቼ ሕዝብ ይቅርታ ጠየቁ። በ2001 ልዩ የራስ አስተዳደር ሕግ ወጣ። ወረቀቱ ብዙ መልካም ነገር ነበረው፤ ነገር ግን ከታጠቀው ወገን ጋር ተነጋግረው ያመጡት ስላልነበረ ጦርነቱን አላቆመም። በግንቦት 2003 እንደገና ወታደራዊ አዋጅ ታወጀ። ከዚህ የምንረዳው ሹራ የሚባለው ነገር ጌጥ አለመሆኑን ነው። መልካም ስጦታ እንኳ ሳይማከሩ ከላይ ሲጣል እንደ ምጽዋት ይቆጠራል።

ከዚያም አላህ የወሰነው ሆነ። በታኅሣሥ 26 ቀን 2004 በባሕር ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነስቶ ማዕበሉ አቼን መታት። ወደ 170 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፉ። በዋና ከተማዋ በባንዳ አቼ በዙሪያው ያለው ብዙ ነገር ሲፈርስ ታላቁ የበይቱራሕማን መስጂድ ቆሞ ቀረ። ከወታደሩም ከዐማፂውም ወገን ቤተሰባቸውን ያጡ ነበሩ። ከማዕበሉ በፊትም የመነጋገር ጥረት መኖሩ እውነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ድርድሩ በፍጥነት ተከፈተ። በቀድሞው የፊንላንድ ፕሬዚዳንት ማርቲ አህቲሳሪ አደራዳሪነት በነሐሴ 15 ቀን 2005 ሄልሲንኪ ላይ ስምምነት ተፈረመ።

በስምምነቱ ሁለቱም ወገን አንጀቱን ያሰረበትን ነገር ለቀቀ። ንቅናቄው መገንጠልን ተወ፤ 840 የጦር መሣሪያዎች አስረከበ፤ መሣሪያዎቹም በሕዝብ ፊት ተቆራረጡ። መንግሥት በበኩሉ ከሌላ ቦታ የመጣውን ጦር አስወጣ፣ እስረኞችን በምሕረት ፈታ፣ በአገሪቱ ሌላ ክፍል የማይፈቀደውን የአካባቢ ፓርቲ በአቼ ፈቀደ። ከነዳጅ፣ ከጋዝና ከሌላውም የተፈጥሮ ሀብት ገቢ 70 ከመቶው ለአቼ እንዲሆን ተስማማ። ተደራዳሪዎቹ ዐማፅያን ከዚህ ቀደም ከላይ የተጣለውን «ልዩ የራስ አስተዳደር» የሚለውን ቃል አንቀበልም ቢሉ በስሙ ላይ ተሟግተው ሱልሁን አላፈረሱትም፤ ሁሉም ሊፈርምበት የሚችል ሌላ አነጋገር ፈለጉለት።

ይህን ሳነብ ሑደይቢያ ትዝ ይለኛል። ነገሩን ማነጻጸሬ በእምነት ሳይሆን በድርድር ጠባይ ነው። ሱሀይል ኢብን ዐምር «የአላህ መልእክተኛ» የሚለውን ቃል አልፈርምበትም ባለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃሉ እንዲፋቅና በምትኩ የአባታቸው ስም እንዲጻፍ አደረጉ። ከሶሓቦች መካከል ይህ የከበደባቸው ነበሩ፤ ዑመር (ረ.ዐ.) እንኳ ተጨነቁ። ኋላ ግን አላህ ያንን ቀን ግልጽ ድል ብሎ ጠራው። ለሕዝብ ደም ሲባል ከቃልና ከስም መውረድ ሽንፈት አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስተምረን የለም።

ከሱልሁ በኋላ ምን ሆነ? በማዕበሉ ጊዜ ባንዳ አቼ ውስጥ እስር ቤት የነበረው ኢርዋንዲ ዩሱፍ ከውኃው አምልጦ፣ በታኅሣሥ 2006 በሕዝብ ድምፅ የአቼ ገዢ ሆነ። ሐሰን ዲ ቲሮም ከብዙ ዓመታት ስደት በኋላ በ2008 አገራቸውን አዩ፤ በ2010 በዚያው ሞቱ። የቀድሞ ተዋጊዎች ጠመንጃቸውን ጥለው በምርጫ ሳጥን ተወዳደሩ። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው።

ነገር ግን ታሪኩን በዚህ ብንዘጋው ራሳችንን እናታልላለን። ኢርዋንዲ ለሁለተኛ ጊዜ ተመርጦ ሳለ በ2018 በሙስና ተያዘ፤ በ2019ም ተፈረደበት። ለልዩ አስተዳደሩ ከማዕከል ብዙ ገንዘብ ቢፈስም አቼ ከሱማትራ ድሃ ክፍለ ሀገሮች አንዷ ሆና ቆይታለች። በደጋው የሚኖሩት ጋዮና አላስ የሚባሉ ሕዝቦች ደግሞ «የባሕር ዳርቻው ሰው ረሳን» በማለት የራሳችን ክፍለ ሀገር ይሰጠን የሚል ጥያቄ አንስተዋል። ለሟቾች ቤተሰቦች ቃል የተገባው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽንም በአቼ የተቋቋመው በ2016 ነው። ዙልም አድራሻውን ከጃካርታ ወደ ባንዳ አቼ ቢቀይርም ዙልምነቱን አይለቅም። ትናንት «ብዙኃኑ ዋጠን» ብሎ የጮኸ ሕዝብ ዛሬ በሥሩ ያለውን ትንሽ ሕዝብ የሚውጥ ከሆነ የጠየቀው ዐድል ሳይሆን ተራ ነበር ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ እኛን ምን ይመለከተናል? ብዙ ነው የሚመለከተን። የእኛም አገር በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት የብሔሮችን መብት እስከ መገንጠል አውቃለች፤ በዚያው ሰነድም አንድ የጋራ ኢኮኖሚና ፖለቲካ መገንባትን ዓላማ አድርጋለች። ሁለቱን አስማምቶ መኖር ግን ከባድ መሆኑን በደም አይተናል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ስንት ነፍስ እንደጠፋ እያንዳንዱ ቤት ያውቃል። በውቅሮ አቅራቢያ ያለው ጥንታዊው የነጃሺ መስጂድ እንኳ ከጉዳት አልተረፈም። ሶሓቦች ከዙልም ሸሽተው የተጠለሉባት አገር ልጆች ነን፤ ነጃሺን የምናከብረውም ዘራቸውን ሳይጠይቅ ዐድል ስለሰጣቸው ነው።

ስለዚህ ለጠየቁኝ ወጣቶች የምሰጠው መልስ ይህ ነው። እስልምና የዐድል ወገን ነው። አንድነት ዐድልን ከተሸከመ ጠብቀው፤ ራስ አስተዳደርም ዐድልን ከተሸከመ ደግፈው። አንዱም ዐድልን ከጣለ ስሙ አያታልልህ። ሕዝብህን መውደድህ ወንጀል የለበትም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መካን ሲለቁ ለአገራቸው ያሳዩት ፍቅር የታወቀ ነው። ወንጀሉ ሕዝብህ ሲበድል አብረኸው መቆምህ ነው። ወንድምህን በዳይም ተበዳይም ሆኖ ሳለ እንድትረዳው ታዘሃል፤ በዳይ ሲሆን የምትረዳው እጁን በመያዝ እንደሆነም ተነግሮሃል።

ይህ በሥራ ሲተረጎም ከቤታችን ይጀምራል። በየመስጂዳችን አንድ ሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመን ስንወጣ በየብሔራችን ተሰባስበን የሌላውን ሥጋ የምንበላ ከሆነ ሶፋችን ውሸት ሆኗል። የሌላው ወገን ሟች ሲነገረን «እነሱም ገድለውናል» ከማለት በፊት ኢናሊላሂ ማለትን እንልመድ። ኢማሞቻችን በአስተዳደርም ይሁን በታጠቀ ወገን የተገባ ቃል ሲታጠፍ ሰምተው ዝም እንዳይሉ እንጠይቃቸው። በምንበዛበት ክልልና ቀበሌም በቁጥር ከእኛ የሚያንሱት ጎረቤቶቻችን ሙስሊምም ይሁኑ ክርስቲያን ምን እንደሚሰማቸው ሄደን እንጠይቅ። ሱረቱል ሑጁራት ሁለት የምእመናን ወገኖች ሲጋደሉ በመካከላቸው እንድናስታርቅ ያዘናል፤ እርቁም በዐድል እንዲሆን ይጨምርበታል። ያለ ዐድል የተደረገ እርቅ የሚቀጥለው ጦርነት ቀጠሮ ነውና።

አላህ (ሱ.ወ.) ልቦቻችንን ያስማማልን። የተበደለውን ሐቁን ያስመልስለት፤ የበደለውን ወደ ተውበት ይምራው። አገራችንን ቃሏን የምትጠብቅ፣ ልጆቿን የማታበላልጥ ያድርግልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።