መቆጠር ያልፈለጉት አጥማጆች

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር የራቁ ናቸው። ከሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው ውኃ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። ከቡራዩና ከሰበታ በኩል የሚፈሰው ደግሞ ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። እንዲህም ሆኖ በአገራችን ስለ ዓሣ ሀብት ወሬ በተነሣ ቁጥር ሰበታ ሳትጠራ አትታለፍም፤ ብሔራዊው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያለው እዚያ ነውና። ኩሬዎቹ ውስጥ የተፈለፈሉት ጫጩት ዓሣዎች ኦክስጅን በተሞላ ፕላስቲክ ታስረው ወደ ግድብና ወደ ገበሬ ኩሬ ይጓዛሉ።

ዓሣ ካለ ሕግ አለ። እኛም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለን። ለሽያጭ የሚያሰግር ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ሥራውን የሚከታተል ተቆጣጣሪ እንዲመደብ የሚያዝዝ ሕግ ነው። ይህ አዋጅ ወይም ከሥሩ የሚወጣ ደንብና የክልል ሕግ አንድ ቀን መሻሻሉ አይቀርም። ያን ጊዜ ማን ይናገራል? ምን ይዞስ ይቀርባል? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ትምህርት የሚሆነው ከወደ እንግሊዝ የተገኘ ታሪክ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የእንግሊዝ የባሕር ላይ አጥማጆች፣ ማለትም ለመዝናናት በመንጠቆ የሚያጠምዱት፣ ተደራጅተው ስለ ሁለት ነገር ከመንግሥት ፊት ቆመው ተከራከሩ። በአንዱ ተሸነፉ፤ በሌላው አሸነፉ። ውሎ አድሮ ሲታይ ግን ድላቸውም ያን ያህል የሚያኮራ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ባስ በሚባለው ዓሣ ነው። ባስ በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው የሚያጓጓ፣ ለምግብ ቤትም ውድ የሆነ የባሕር ዓሣ ነው። ችግሩ ቀስ ብሎ ማደጉ ነው። ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። አጥማጁ ሌሊት በባሕር ዳርቻ ቆሟል፤ የባትሪ መብራት ግንባሩ ላይ አስሯል። ዓሣ ሲይዝለት እርጥብ ጨርቅ ላይ አጋድሞ ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ በሜትር ይለካል። 37 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በወቅቱ ሕጉ የሚፈቅደው ትንሹ መጠን 36 ስለነበረ ይዞት ቤቱ ቢገባ የሚከስሰው የለም። ሴቷ ባስ ግን እንቁላል መጣል የምትጀምረው 42 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስትደርስ ነው። ሕጉ እንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደችውን ዓሣ እንድትታረድ ይፈቅድ ነበር ማለት ነው።

ይህን ቀድመው ያዩት ራሳቸው አጥማጆቹ ነበሩ። የባስ አጥማጆች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከእሱ ሌላ አገር አቀፍ የባሕር አጥማጆች ፌዴሬሽንና ሌሎች ትንንሽ ስብስቦች ነበሩ። ለዓመታት ቅሬታቸው ከመጽሔት ዓምድ አላለፈም። መንግሥት ጆሮ የሰጣቸው ቁጥር ሲገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ለመንግሥት የተሠራ አንድ የኢኮኖሚ ጥናት በእንግሊዝና በዌልስ ከሚኖሩ ቤተሰቦች 1.1 ሚሊዮን በሚሆኑት ውስጥ በባሕር ላይ የሚያጠምድ ሰው እንዳለ፣ እነዚህ ሰዎችም በዓመት 538 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል እንደሚያወጡ አሳየ። ለመንጠቆና ለማጥመጃ ዘንግ፣ ለጀልባ ኪራይ፣ ለነዳጅ፣ ለእንግዳ ማረፊያ የሚወጣ ገንዘብ ነው። እስከዚያ ድረስ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ተብሎ የታለፈው ነገር የባሕር ዳር ከተሞች የገቢ ምንጭ መሆኑ ታወቀ።

አጥማጆቹም ጥያቄያቸውን ወደ አንድ ነጥብ አወረዱት። የባስ ትንሹ መጠን ከፍ ይበል አሉ። የወቅቱ የዓሣ ሀብት ሚኒስትር ቤን ብራድሾው እ.ኤ.አ. በ2006 መጠኑ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል አስታወቁ። የደስታው ዕድሜ ግን አጭር ነበር። በመረብ የሚተዳደሩት አሥጋሪዎች ተነሡ። ክርክራቸውም መናኛ አልነበረም። ትንሹን ዓሣ ስንተው የዛሬ ገቢያችን ይቀንሳል አሉ። እኛ 40 ስንጠብቅ በዚያው ባሕር የሚያሰግሩት የፈረንሳይ መርከቦች 36ቱን እየጫኑ ይሄዳሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ብራድሾውን የተኩት ጆናታን ሾው ውሳኔውን ሰረዙት። አሥጋሪው በየወደቡ የሚታወቅ፣ የተመዘገበ፣ ፈቃድ ያለው፣ ምን ያህል እንደሚያጣ በኪሎ ማስረዳት የሚችል ነበር። አጥማጁ ግን በብዛት ቢበልጥም በየዳርቻው የተበተነ ነበር፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን ያህል ዓሣ እንደሚይዝ የሚያሳይ መዝገብ አልነበረውም።

ሁለተኛው ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። በዚያው በ2007 መንግሥት ስለ ባሕር አዲስ ሕግ ሊያወጣ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊሲ ሰነድ አወጣ። ሰነዱ ውስጥ በባሕር ላይ በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው በክፍያ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስችል ሐሳብ ነበረበት። በእንግሊዝ በወንዝና በሐይቅ የሚያጠምድ ሰው ይህን ክፍያ ድሮም ይከፍላል፤ ገንዘቡም ተመልሶ ለዓሣ ሀብት ሥራ ይውላል። የባሕሩ አጥማጅ ግን ከጥንት ጀምሮ በነጻ ያጠመደ ነውና ነገሩ አልተዋጠለትም። ከመካከላቸው “እንክፈልና እንደማመጥ” ያሉ ነበሩ። የብዙኃኑ መልስ ግን “ዓሣውን ያላስከበረልን መንግሥት በምን አፉ ገንዘብ ይጠይቀናል?” የሚል ነበር። ደብዳቤ ጎረፈ፣ ለፓርላማ አባላት አቤቱታ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2008 ረቂቅ ሕጉ ሲወጣ የባሕር አጥማጅ ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረበትም። አሸነፉ።

ቁጣቸው ትክክል ነበር። የ40 ሳንቲ ሜትሩ ቃል በታጠፈበት ሰሞን ገንዘብ መጠየቅ ለማንም ያማል። ነገር ግን አሸንፈው ያገኙት ምን ነበር? አለመመዝገብን ነው። ፈቃዱ ቢጸድቅ ኖሮ የስም ዝርዝር ይኖራል፤ የስም ዝርዝር ካለ ቁጥር አለ፤ ቁጥር ካለ ከአሥጋሪው እኩል በጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ክብደት አለ። እምቢታቸው ከኪሳቸው የሚወጣውን ገንዘብ አዳነላቸው፤ ድምፃቸውን ግን እንደ ተበተነ አስቀረው።

ስሕተታቸውን ግማሽ ያህል ያረሙት በፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 የወንዙም የባሕሩም አጥማጅ ድርጅቶች ተዋሕደው “አንግሊንግ ትረስት” የሚባል አንድ ተቋም አቆሙ። በዚያው ዓመት ኅዳር የባሕርና የባሕር ዳርቻ ሕግ ጸደቀ። በሕጉ መሠረት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2011 ጀምሮ በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻውን ዓሣ ሀብት የሚያስተዳድሩ አዲስ የአካባቢ ባለሥልጣናት ሥራ ሲጀምሩ ከአባላቱ መካከል ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎችም ወንበር አገኙ። መንግሥትም ሌላ ጥናት አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ ብቻ 884,000 የባሕር አጥማጆች እንዳሉና በዓመት 1.23 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚያወጡ አረጋገጠ።

ዓሣው ግን የሰዎቹን ስብሰባ አልጠበቀም። በቀዝቃዛ ዓመታት የተወለደው ጫጩት ሳይተርፍ ቀረ፤ ማስገሩም አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓለም አቀፉ የባሕር ምርምር ምክር ቤት የባስ ምርት በ80 በመቶ እንዲቀነስ መከረ። በ2015 የአውሮፓ ኅብረት የአስቸኳይ ጊዜ እርምጃ ወሰደ። ትንሹ መጠን ወደ 42 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። አጥማጆቹ በ2006 ከተፈቀደላቸውም፣ በ2007 ከተነፈጉትም በላይ ነበር። ቅጣቱ ግን ለእነሱም ደረሰ። አንድ አጥማጅ በቀን ከሦስት ባስ በላይ እንዳይወስድ ተከለከለ፤ በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ስድስት ወራት ደግሞ የያዘውን ሁሉ መልሶ እንዲለቅቅ ታዘዘ። በሰላሙ ጊዜ በአራት ሳንቲ ሜትር ሊፈታ ይችል የነበረ ነገር በችግሩ ጊዜ ያስጠነቀቀውንም የተቃወመውንም አብሮ መታ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ መስሎ ከታየ ጣናን እናስብ። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ከአንድ ዘር የወጡ ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በደንገል ታንኳ የሚያሰግረው የወይጦ ማኅበረሰብ ከሐይቁ ጋር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ግን ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ፤ በመራቢያ ወቅት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋትም ተስፋፋ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የወሰዱትን ናሙና ሲያነጻጽሩ የእነዚህ ዓሣዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። የፌዴራሉ አዋጅ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የአማራ ክልልም የራሱን አውጥቷል። በወንዙ አፍ ላይ ሌሊት የተዘረጋን መረብ ግን አዋጅ ብቻውን አያነሣውም። አሥጋሪው ራሱ “ይህን ወር እንተው” ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ካልተማማለ ወረቀቱ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ከእንግሊዞቹ የምንወስደው የመጀመሪያው ትምህርት ቆጠራን አለመፍራት ነው። በግድብ ላይ የተደራጁ ወጣቶች፣ በሰበታ ዙሪያ ኩሬ ቆፍረው ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች፣ እሑድ እሑድ መንጠቆ ይዘው ከከተማ የሚወጡ አጥማጆች ሁሉ አንድ ደብተር ሊኖራቸው ይችላል። በየትኛው ወር፣ በምን ዓይነት መረብ፣ ስንት ኪሎ፣ ምን ያህል ርዝመት ያለው ቆሮሶ ወይም አምባዛ እንደተያዘ የሚጻፍበት ደብተር። የሰበታው ማዕከል ባለሙያዎች መለኪያውንና አመዘጋገቡን ማሳየት አያቅታቸውም። በዐቢይ ጾም የአዲስ አበባ የዓሣ ገበያ ሲደራ ዋጋው ምን ያህል እንደሚጨምር፣ አምራቹ እጅ ምን ያህል እንደሚደርስ የተጻፈ ነገር ካለ ለሕግ አውጪው ከማንኛውም ቅሬታ የበለጠ ይናገራል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በእኛ ሥርዓት ረቂቅ አዋጅ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ተነሥቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት በኩል ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል፤ እዚያም ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴውም ባለድርሻ አካላትን ጠርቶ ያወያያል። የክልል ሕግ ከሆነ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ጉዳዩ የጨፌ ኦሮሚያ ነው። በተጠራበት ቀን ያልተገኘ ማኅበር ነጋሪት ጋዜጣ ከታተመ በኋላ ቢጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ በር ከፍቷል። የኅብረት ሥራ ማኅበርም የታወቀ መንገድ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ጣና ቁጥር አንድ የሚባለው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

ሦስተኛው ትምህርት ማስጠንቀቂያ ነው። ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው ተደራጅቶ ሲያሸንፍ እንጀራው በመረብ ላይ የሆነውን ሰው ሊጥለው ይችላል። በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ1994 አጥማጆች የመረብ አጠቃቀምን በእጅጉ የሚገድብ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለሕዝብ ድምፅ አቅርበው 72 በመቶ በሚሆን ድጋፍ አስጸደቁ። ዓሣው ተጠቀመ፤ በመረብ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ግን ሥራቸውን አጡ፤ መንግሥትም መረባቸውን ገዝቶ ካሳ ለመስጠት ተገደደ። በእኛ አገር አጥማጁ ጥቂት፣ አሥጋሪው ድሃ ነው። አንዱ ሌላውን ለማባረር የሚያወጣው ሕግ በጣናም በዝዋይም የሚያመጣው ጠብ ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ መዝገብ ላይ ቢጽፉ፣ ስለ መራቢያ ወራት አንድ ቃል ቢናገሩ ግን የሚቃወማቸው ኮሚቴ ለማግኘት ይቸግራል።

የእንግሊዝ አጥማጆች ዕውቀት አልጎደላቸውም፤ ስለ ባስ ያሉት ሁሉ እውነት መሆኑ ከስምንት ዓመት በኋላ በሕግ ተረጋገጠ። የጎደላቸው እውነቱን በሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ መዝገብ ነበር፤ እሱን ሊሰጣቸው የመጣውን ሐሳብ ደግሞ በገዛ እጃቸው መለሱት። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰዎች በእጃቸው ያለው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ማዕከል፣ ጥቂት ኩሬ፣ ጥቂት ግድብ። ይህም ቢሆን የሚመጣውን ረቂቅ በቂ ማስረጃ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ለማግኘት ከበቂ በላይ ነው፤ መዝገቡ ግን ረቂቁ ከመምጣቱ በፊት መጀመር አለበት።