ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም

ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ልጅን ከጉዳዩ ገለል ለማድረግ ነው። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት አንድ ወጣት «እኔም ልሞክር» ሲል ይወረወርበታል። ተረቱ ሐሰት ነው አልልም፤ ልኩን ያልለመደ እጅ ያቦካው ሊጥ ቤተ ሰብ አያጠግብም። የሚከነክነኝ ልጁን ብቻውን ቡሃቃው ፊት አቁሞ መመዘኑ ነው።

በአሜሪካ ደቡብ፣ በሳውዝ ካሮላይና፣ ዴንማርክ የምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አለች። የዚያች ከተማ ልጅ ባካሪ ሴለርስ በ2006 እ.ኤ.አ. ለግዛቲቱ ምክር ቤት ሲወዳደር ገና 21 ዓመቱ ነበር፤ ጥቁር ነው። ወንበሩን ለ26 ዓመታት የያዙት ነጩ ቶማስ ሮድ ደግሞ 82 ደርሰዋል። ተረቱን ለመተረት ከዚህ የተመቸ ቦታ የት ይገኛል? ወጣቱ ግን በዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ አሸነፋቸው።

ታዲያ ተረቱ ወደቀ ማለት ነው? ባካሪ ከመወለዱ በፊት የቦካ ነገር አለ። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1968፣ የምርጫ መብት ሕግ በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ በዚያው ግዛት በኦሬንጅበርግ ከተማ ጥቁሮችን አላስገባም ባለ የቦውሊንግ መጫወቻ ሰበብ በተነሣ ተቃውሞ የግዛቲቱ ፖሊሶች ተማሪዎች ላይ ተኮሱ። ሳሙኤል ሃሞንድ፣ ሄንሪ ስሚዝና ዴላኖ ሚድልተን ሞቱ። ሚድልተን ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። የባካሪ አባት ክሊቭላንድ ሴለርስ በ23 ዓመቱ በጥይት ቆሰለ። የተኮሱት በነፃ ሲሰናበቱ እሱ «ሁከት» ተብሎ ወራት ታሰረ፤ ምሕረት ያገኘው በ1993 ነው። ልጁ የተመረጠበትን ሊጥ ያቦኩት፣ እንግዲህ፣ እነሱም ልጆች ነበሩ። ይህን ሳስብ ተረቱን በወጣት ፊት ለመናገር አፌ አይታዘዘኝም።

የጎደለም አለ። ባካሪ ምክር ቤት ሳለ፣ በ2012፣ ዴንማርክ ያለችበት የባምበርግ አውራጃ ሆስፒታል ተዘጋ። በ2014 ለምክትል አገረ ገዥነት ተወዳድሮ በሄንሪ ማክማስተር ተሸነፈ። ተረቱ እዚህ ላይ «አላልኩም?» ሊል ይችላል። ነገር ግን ምክር ቤቱ 124 ወንበሮች አሉት፤ ብዙኃኑም የሌላው ፓርቲ ነበር። የስድሳ ዓመት አዛውንት እዚያ ቢቀመጡም የሚሰጡት ያንኑ አንድ ድምፅ ነው፤ ያነሰውም የእጆች ብዛት እንጂ የልጁ ዕድሜ አልነበረም።