ፋብሪካው የተወው ካሜራ

አንድ ፋብሪካ ዕቃ ማምረቱን ሲያቆም ዕቃው ምን ይሆናል? አብዛኞቻችን መልሱን ሳንመረምር ተቀብለነዋል። «ምርቱ ቆሟል» ከተባለ ዕቃው አበቃለት እንላለን፤ ባለቤቱ ከመሳቢያ ከትቶ ይረሳዋል፣ ልጆች መጫወቻ ያደርጉታል። ዜኒት-ኢ የተባለውን የሶቭየት ኅብረት ካሜራ እንውሰድ። ሞስኮ አጠገብ ባለችው በክራስኖጎርስክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1965 መመረት ጀመረ፤ በ1980ዎቹ ምርቱ እስኪቆም ድረስ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደዚያ አገር ሲሄዱ በየሱቁ ከሚያዩአቸው ዕቃዎች አንዱ ይህ ነበር። ዛሬ ያሠራው መንግሥት ራሱ የለም፤ በወጉ የተያዘ ዜኒት ግን ሲጫኑት አሁንም ፎቶ ያነሣል። ታዲያ የዕቃን ፍጻሜ የሚወስነው ማን ነው? የእኔ መልስ፣ ወሳኙ ፋብሪካው ሳይሆን የዕቃውን አሠራር የሚያውቅና የሚደርስበት ሰው መኖር አለመኖሩ ነው የሚል ነው። ይህንንም የምፈትነው በሸርቆሌ ነው፤ በቤንሻንጉል፣ በአሶሳ ዞን፣ በሱዳን ድንበር ላይ። አዲስ አበባ ወይም ለንደን ተቀምጦ ስለ አሮጌ ካሜራ ማውራት ቶሎ ወደ ትዝታ ይወስዳል። ሙቀት፣ አቧራና ርቀት ያለበት አገር ግን ለትዝታ ጊዜ አይሰጥም፤ ዕቃው ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም።

ምርት ሲቋረጥ በእርግጥ የሚቋረጠው ምንድን ነው? መለዋወጫው፣ ዋስትናውና የፋብሪካው ጠጋኝ። ዋስትና ማለት ግን ዕቃው ሲበላሽ የሚመልሱበት ቦታ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። እዚያ የደረሰ ካሜራም ይሁን የውሃ ፓምፕ፣ ምርቱ ሳይቆምም ቢሆን መለዋወጫው ብዙ ጊዜ አይደርስለትም፤ ጠጋኙም አይመጣም። እንግዲህ የፋብሪካው ድጋፍ ቀድሞም ላልነበረበት አካባቢ የምርት መቋረጥ ዜና አይደለም። ነገሩን አጥብቀን ካየነው፣ ለሸርቆሌ እያንዳንዱ ዕቃ ከገባበት ቀን ጀምሮ ምርቱ የተቋረጠ ያህል ነው። የከተማ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ የሚደርስበትን ችግር የድንበር ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይደርስበታል። «ምርቱ ተቋርጧል» የሚለው ቃል ስለ ዕቃው አካል ምንም አይነግረንም፤ የሚነግረን በሠሪውና በተጠቃሚው መካከል ስላለው ርቀት ነው። ርቀቱ በዓመታት ሊለካ ይችላል፣ በኪሎ ሜትርም ሊለካ ይችላል።

ሠሪው በሌለበት ዕቃን በሕይወት የሚያቆየው ምንድን ነው? እንደ እኔ፣ ዕቃው አሠራሩን ራሱ የሚያስነብብ መሆኑ ነው። ዜኒት-ኢ ባትሪ የለውም። የብርሃን መለኪያው ሴሌኒየም ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ቀስቱን ያንቀሳቅሳል። ሴሌኒየሙ በዕድሜ ቢደክም እንኳ ካሜራው አይቆምም። እንደ ሸርቆሌ ባለ ጠራራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጎ፣ ፍጥነቱን ከፊልሙ ቁጥር ጋር ማቀራረብ ይበቃል፤ ለ125 ፊልም የሰከንድ 1/125 ማለት ነው። ሻተሩ ሁለት የጨርቅ መጋረጃዎች ናቸው፤ ፊልሙ ሲጠመዘዝ ሞላቸው ይወጠራል፣ ቁልፉ ሲጫን አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይከተለዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ፊልሙ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ይወስናል። ፍጥነቶቹ ከ1/30 እስከ 1/500 አምስት ብቻ ናቸው። ሌንሱ በ42 ሚሊ ሜትር ጥርስ ተፈትሎ የሚገባ ስለሆነ በእጅ ይወልቃል፤ ጀርባውን ከፍቶ መጋረጃው ሲሮጥ ማየት ይቻላል። ከሁሉም የሚገርመው ግን ብልሽቱን የሚናገረው ፎቶው ራሱ መሆኑ ነው። የፎቶው አንድ ጎን ከሌላው ከጨለመ ከመጋረጃዎቹ አንዱ ዘግይቷል። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ብርሃን ያው ቦታ ላይ ነጥብ ከጣለ ጨርቁ ተበስቷል። ጠጋኙ መመሪያ መጽሐፍ ባይኖረው እንኳ ሥዕሉን እያየ ወደ በሽታው ይደርሳል።

እዚህ ላይ «አሮጌ ሁሉ ጥሩ ነው» እያልኩ እንዳልሆነ ልብ ይባልልኝ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ኮንታክስ ቲ2 የፊልም ካሜራ ነው፤ ዛሬም በውድ ይሸጣል። ነገር ግን ትዕዛዙ ሁሉ በኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት ውስጥ ያልፋል። ሠሪው ኪዮሴራ እ.ኤ.አ. በ2005 ከካሜራ ሥራ ሲወጣ ሰርኪቱን የሚተካ ሰው ጠፋ፤ ሰርኪቱ ከተቃጠለ ካቻቪቴ ይዞ የሚቀርበው ጠጋኝ የሚያየው ዝም ያለ ጥቁር ፕላስቲክ ብቻ ነው። ከዜኒቱ በሃያ አምስት ዓመት የሚያንስ ካሜራ ከዜኒቱ ቀድሞ ሊሞት ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱ የዕድሜም የፊልምም አይደለም፤ አንደኛው በእጁ ለያዘው ሰው ሁሉ ምሥጢሩን ይገልጣል፣ ሌላኛው ምሥጢሩን ከሠሪው ጋር ይዞ ይሄዳል።

ያም ቢሆን መገለጥ ብቻውን ዕቃን አያድንም፤ የዘወትር ሥራ ይጠይቃል። የአሶሳ ቆላ ሁለት ጠላት አለው። በበጋ ደቃቅ ቀይ አቧራ ከሌንሱ ጥርስ ገብቶ ከግራሶው ጋር ይቦካል፤ ሙቀቱ ግራሶውን አቅጥኖ ዘይቱ ወደ ቀዳዳው ምላጮች ይሸሻል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ከወር እስከ ወር ስለሚቆይ በሌንሱ መስታወት ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ ሻጋታው በጊዜ ካልተጠረገ የመስታወቱን ሽፋን በልቶ የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል። መፍትሔው ተአምር የለውም፦ በቆዳ ቦርሳ ውስጥ አለማኖር (ቆዳ እርጥበት ይይዛል)፣ በሚገጠም ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ማስቀመጥ፣ አልፎ አልፎ አውጥቶ ብርሃንና አየር ማሳየት፣ ዘይትን መቆጠብ። ከመጠን ያለፈ ዘይት ከዘይት ማጣት የባሰ ነው፤ አቧራ ይሰበስባል። የጨርቁ መጋረጃ ላይ የተቀባው ጎማ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እሱን መተካት ግን ትዕግሥት ያለው የልብስ ሰፊ እጅና ቀጭን ሙጫ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ካሜራውን ከገዛው ሰው ይልቅ ባለቤቱ ነው ብል አላጋነንኩም።

አንድ ጠያቂ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ መጋረጃው ተቀየረ፣ ሌንሱ ከሌላ ዜኒት መጣ፣ ብሎኖቹ ተተኩ፤ ታዲያ ያ ካሜራ የቱ ነው? ጥያቄው በፍልስፍና ትልቅ ስም ያለው ነው፤ ለቤንሻንጉል ሰው ግን የሚያስጨንቅ አይመስለኝም። በሽመል (በቆላ ቀርከሃ) የተሠራ ጎጆ ምስጥ ስለሚበላው አጥሩና ግድግዳው እየተመላለሰ ይታደሳል፤ ቤቱ ግን የእገሌ ቤት እንደሆነ ይቀጥላል፤ እገሌ እየኖረበትና እየጠገነው ስለሆነ። የዕቃ ማንነት ያለው በእንጨቱ ወይም በብሎኑ ሳይሆን ሳይቋረጥ በሚደረግለት ክብካቤ ነው። ከበድ የሚለው ሌላ ነው፦ አንዱን ለማዳን ሁለቱን መግደል። ጠጋኞች ሁሉ እንደሚያደርጉት ከሁለት ሬሳ አንድ ሕያው ካሜራ ይወጣል፤ የሬሳው ቁጥር ግን ውስን ነው። ይህን አልክድም። ሆኖም ከሦስት ሚሊዮን በላይ ለተሠራ ዕቃ ይህ ሒሳብ ከአንድ የሰው ዕድሜ በላይ ይዘልቃል፤ ጠጋኙ ከመለዋወጫው ቀድሞ እንደሚያልቅ ግልጽ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የፊልም ጉዳይ ነው። ካሜራው የቱንም ያህል ቢጠገን ፊልም ካልተሠራለት ባዶ ሣጥን ነው፤ ፊልም ደግሞ በጎጆ የሚሠራ አይደለም፤ ስለዚህ ከአንዱ ፋብሪካ ጥገኝነት አመለጥኩ ያለ ሰው በሌላው ወጥመድ ገብቷል። ተቃውሞው ግማሹ እውነት ነው። ግን የፊልምን ታሪክ ብንመረምር ያው ሕግ ሲደገም እናያለን። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው ኮዳክሮም በቀለሙ የታወቀ ፊልም ነበር፤ ቀለሙ ግን በፊልሙ ውስጥ አልነበረም፣ በሚታጠብበት ጊዜ በተወሳሰበ ሂደት የሚጨመር ነበር። ስለዚህ ከልዩ ላቦራቶሪ ውጭ ማንም ሊያጥበው አይችልም ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ማምረቱን አቆመ፤ በአሜሪካ ካንሳስ፣ ፓርሰንስ ከተማ የነበረው የመጨረሻው አጣቢ በ2010 መጨረሻ መቀበል ሲያቆም ቀሪዎቹ ጥቅልሎች በአንድ ቀን ዋጋ አጡ። ያው ኮዳክ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ ግን ጥቁርና ነጭ ፊልሙ ትራይ-ኤክስ አልሞተም፤ የእንግሊዙ ኢልፎርድም እስከ ዛሬ ያመርታል። ለምን? የጥቁርና ነጭ ፊልም ኬሚስትሪ የማንም ምሥጢር አይደለም። ብርሃን የነካው የብር ጨው በማጠቢያው ውስጥ ወደ ብርነት ይለወጣል፣ ያልተነካው ሃይፖ በተባለ ኬሚካል ይሟሟል፣ ከዚያ ውሃ። ብርሃን የማያስገባ ማጠቢያና ጨለማ ክፍል ያለው ሰው ሁሉ ይሠራዋል። የሚሠራው የሚበዛ ዕቃ ደግሞ ገዢ አያጣም፤ ገዢ ያላጣም አምራች አያጣም። ፖላሮይድ እ.ኤ.አ. በ2008 ቅጽበታዊ ፊልሙን ሲያቆም በኔዘርላንድ ኤንስኬዴ የነበረውን ፋብሪካ ከመፍረስ ያተረፉት ጥቂት ሰዎች፣ የቀድሞ ሠራተኞቹም ጭምር፣ ማሽኑ ሳለ ኬሚካሉ ስለጠፋ ቀመሩን ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ መፈለግ ነበረባቸው። ማሽን ብቻውን አልበቃም፤ የቻሉትም ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

በሸርቆሌ ፊልም ማጠብ የራሱ ችግር አለው። የጥቁርና ነጭ ማጠቢያ የተለመደው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በበጋ ቀን ከቧንቧ የሚቀዳ ውሃ ከዚያ በላይ ነው። ውሃው ከሞቀ ማጠቢያው ይፈጥናል፣ የፊልሙም ጄላቲን ይለሰልሳል። ሆኖም ለዚህም መላ አለ፦ በእንስራ ያደረ ውሃ ላቡ እየተነነ ይቀዘቅዛል፣ ማለዳ ይሠራል፣ ሙቀቱ ባይወርድም ሰዓቱ ይቀነሳል። እነዚህን ነገሮች የጻፍኩት ቀላል ናቸው ለማለት አይደለም። አስቸጋሪ ናቸው፤ ግን ችግሩ የሚፈታው በሰው ብልሃት እንጂ በሩቅ ኩባንያ ፈቃድ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ከፍትሕ ጋር የተያያዘ ነው፦ ስልክ ባለበት ዘመን ለድሃ አካባቢ አሮጌ ካሜራ ማወደስ ድህነትን ማቆንጀት አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ማንም ለሠርጉ ዜኒት ይጠቀም ብል። ስልክ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የጉርድ ፎቶ ወረፋ አስቀርቷል። በዚህ የምከራከርለት ነገር የለም። ግን ስልክ ያላስቀረው ጥያቄ አለ፦ የተነሣው ፎቶ ማን እስኪፈቅድ ይታያል? በ1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የመጡት የእንግሊዝ መሐንዲሶች በመስታወት ላይ ያነሧቸው ሥዕሎች ዛሬም ይታያሉ። ለአጤ ምኒልክ ፎቶ ያነሡት አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው የተዉት ሥራ የአገሩ የታሪክ ምስክር ሆኗል። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታ የመጨረሻውን ንጉሠ ነገሥትና የደርግን ዘመን የቀረጹባቸውን ኔጋቲቮች ይዘው ወደ ለንደን በመሰደዳቸው ዛሬ እንናገርላቸዋለን። ኔጋቲቭ ለማየት የይለፍ ቃልም ቻርጀርም አያስፈልግም፤ ወደ ፀሐይ ማንሣት በቂ ነው። ሸርቆሌ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተ የስደተኞች መጠለያ ያለበት ቦታ ነው፤ በአሶሳ ዙሪያም በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ የመጡ ሠፋሪዎች ይኖራሉ። ቤቱን ትቶ ለተሰደደ ሰው በእጅ የሚያዝ ፎቶ ምን እንደሚመዝን ማስረዳት አያስፈልግም። እርግጥ ነው ኔጋቲቭም ይቃጠላል፣ ምስጥም ይበላዋል፣ ሻጋታም ያጠፋዋል፤ ዲጂታል ቅጂ ደግሞ ሺህ ጊዜ ይባዛል። አስተዋይ ሰው ሁለቱንም ይይዛል፦ ኔጋቲቩን ያስቀምጣል፣ ቅጂውን ያበዛል። የኔጋቲቩ ጥቅም ግን ማንም ቢተወው መነበቡን አለማቆሙ ነው።

እንግዲህ የምፈራው የፋብሪካዎችን መዘጋት አይደለም። የምፈራው መጋረጃ መተካት የሚያውቁ፣ ፊልም በእጃቸው ያጠቡ፣ በየከተማው ፎቶ ቤት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ዕውቀታቸውን ለማንም ሳያስተላልፉ እያረጁ መሆናቸውን ነው። ካሜራው ከእነሱ በኋላም በመሳቢያ ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያ ግን እውነትም ምርቱ የተቋረጠ ይሆናል። በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ሲሠራም በስልካችሁ ቅረጹት፤ ስልክ ለዚህ ይጠቅማል። ቤታችሁ ዜኒት ወይም ሌላ የመካኒክ ካሜራ ካለም ሻተሩን ወጥራችሁ አታስቀምጡት፤ ሞሉ ይደክማል። በወር አንድ ጊዜ ያለ ፊልም በየፍጥነቱ አሠሩት።