የሚሻለው ካምሻፍት

አንድ ሰው «የሚሻለውን አንተ ምረጥልኝ» ሲለኝ የሚሰጠኝ ሥልጣን ነው ወይስ ሸክም? ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሰዎች አይተውት የማያውቁትን ነገር ስለ እነሱ ሆኜ ስወስን እውላለሁ። በደንብ የታየኝ ግን ከኮድ ይልቅ በብረት ነው፤ በአጎቴ አሮጌ ሂሉክስ ሞተር።

መኪናዋ ከገበዝ ማርያም ድንች ጭና ወደ ፍኖተ ሰላም ትወርዳለች። ስትመለስ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ፣ አንዳንዴም ሙሽራ ይዛ ትወጣለች። ሞተሯ 22 አር የሚባለው፣ 2,366 ሲሲ፣ ባለአራት ሲሊንደር ቤንዚን ነው። ዘይት መብላት ስትጀምር ሞተሩ ወረደ። ሽጦ ሌላ መግዛት በቀላሉ የሚታሰብ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። የቤተሰቡ እንጀራ ያለው እዚሁ ሞተር ላይ ነው።

ፒስተን፣ ፋሻ፣ ጓርኒሲዮን ላይ ብዙ ክርክር አልነበረም፤ ለክቶ ልኩን ማስገባት ነው። ካምሻፍቱ ግን ጉብታዎቹ ተበልተው ስለነበር መቀየር ነበረበት፤ መካኒኩም ሁለት ምርጫ አቀረበ። አንደኛው ልክ እንደ ፋብሪካው፣ ሌላው ከዱባይ የሚመጣ፣ «ጉልበት የሚጨምር» የተባለ። አጎቴ ደወለልኝ። «ልጄ፣ አንተ ኢንጂነር ነህ። የሚሻለውን ንገራቸው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?»

ካምሻፍት ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር አንዴ የሚዞር ዘንግ ነው። በላዩ ያሉት እንቁላል መሳይ ጉብታዎች ቫልቩ መቼ እንደሚከፈት፣ ምን ያህል እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ይወስናሉ። በፍጥነት የሚዞር ሞተር ለመተንፈስ ጊዜ ያጥረዋል፤ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ቢቆይለት ይወዳል። በዝግታ ሲዞር ግን ያው መቆየት የገባውን አየር መልሶ ያስገፋዋል፤ ያኔ እመቃው ይወርዳል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ይከዳል። የዛሬ ሞተሮች ብዙዎቹ የቫልቩን ሰዓት እየቀያየሩ ከዚህ ምርጫ በከፊል ያመልጣሉ። 22 አር ማምለጫ የለውም፤ አንዱን ስትወስድ ሌላውን ትተዋለህ። ደግሞ ከፍታው አለ። በ2,000 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቀድሞውኑ ትንፋሽ ያጠረውን ሞተር በዝግታ ሲዞር የበለጠ ማሳጠር ማለት ነው።

«ጉልበት ይጨምራል» የሚለው ውሸት አይደለም፤ ይጨምራል፣ ሞተሩ እየጮኸ በሚሮጥበት ቦታ። ድንች የጫነ መኪና ግን እዚያ ቦታ ስንቴ ይደርሳል?

አሪስቶትል የዋሽንት ነፊው መልካምነት በሥራው ውስጥ ነው ይላል። ለካምሻፍትም የሚሠራ ይመስላል፤ ሥራውን እወቅ፣ መልካሙን ታገኛለህ። ችግሩ ሥራው የማን ሥራ ነው የሚለው ላይ ነው። የአጎቴ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድ አለው፣ መኪናዋን ነገ የሚይዛት እሱ ነው። ከፍኖተ ሰላም በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር ድረስ አስፋልት ላይ መሥራት ይፈልጋል። «አባዬ ስለ ዳገቱ ያስባል፤ እኔ ዕድሜዬን ዳገት ላይ ልጨርስ?» አለኝ። ይህን የጎረምሳ የፍጥነት አምሮት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። አባት የሚኖረውን ኑሮ እያየ ይመርጣል፣ ልጅ ሊኖር የሚፈልገውን። የትኛው ነው የሞተሩ ሥራ? ይህን ካታሎግ አይመልሰውም፤ የእኔም ዲግሪ አይመልሰውም።

ስለዚህ መልስ ከመስጠት ጥያቄውን ለመመለስ ሞከርኩ። በዲግሪና በሚሊሜትር ሳይሆን እነሱ በሚያውቁት። ስንት ኩንታል ትጭናላችሁ? በሳምንት ስንት ቀን አስፋልት ላይ ናችሁ? ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ በስንተኛ ማርሽ ትወጣላችሁ? እዚህ ጋ አንድ የማይመች ነገር አለ። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ደግሞ መልሱን በግማሽ መልሷል። ስለ ጭቃ ስጠይቅ ለአባት እየፈረድኩ ነው፤ ስለ ባሕር ዳር ገበያ ብጠይቅ ለልጁ። ገለልተኛ ባለሙያ የሚባለውን ሰው እስካሁን አላገኘሁትም። ማድረግ የምችለው ያጋደልኩበትን መናገር ነበር፤ «ጋሼ፣ እኔ የማየው እንዲህ ነው፣ ልጅህ የሚለውም እውነት አለው» አልኩት።

ትንሽ ዝም ካለ በኋላ እኔ ያላሰብኩትን ጠየቀ። «የቱ ነው ኋላ ሊመለስ የሚችል?»

ይሄ እኔ ካወጣኋቸው ሁሉ የተሻለ ጥያቄ ነው። ፒስተን ለመቀየር ሞተሩ እንደገና መፈታት አለበት። ካምሻፍት ግን ሞተሩ ሳይወርድ ከላይ ይወጣል። ነፃ አይደለም፤ በ22 አር ላይ ሮከሩን የያዙት ብሎኖች የቴስታታው ብሎኖች ስለሆኑ እነሱን የነካ ሰው የቴስታታውን ጓርኒሲዮን አብሮ ቢቀይር ይሻለዋል። ይህን አስልቼ ነገርኳቸው፤ የዕቃውን፣ የመካኒኩን፣ መኪናዋ የምትቆምበትን ቀን ጭምር።

አጎቴ የፋብሪካውን አስገባ። ልጁ አልተስማማም፣ ግን የሁለተኛውን ጓርኒሲዮን ዋጋ በስልኩ ላይ ጽፎ ይዟል።