የተረሳ ጠመንጃ ዕዳው የማን ነው?

ሰው በረሳው ነገር ሊጠየቅ ይገባል? የረሳው ጃንጥላ ከሆነ ጥያቄው ማንንም አያስጨንቅም። የተጎዳው ባለቤቱ ብቻ ስለሆነ አዝኖ ይተወዋል። የረሳው ጠመንጃ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል። ማን እንደሚያነሳው፣ በማን ላይ እንደሚያነጣጥርበት፣ ወይም ሕፃን ልጅ መጫወቻ መስሎት ቃታውን ይስበው እንደሆነ ማንም አስቀድሞ አያውቅም።

እስራኤል ውስጥ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ከሰው ጋር አብሮ ይጓዛል። ዓርብ ዓርብ ረሖቮት ባቡር ጣቢያ ለዕረፍት የሚመጡ ወታደሮች ይወርዳሉ፤ ጀርባቸው ላይ ትልቅ ሻንጣ፣ ትከሻቸው ላይ ጠመንጃ። ከእነሱ መካከል ወደ ቂርያት ሞሼ ሰፈር የሚያቀኑ፣ ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ከጎንደር የመጡ ልጆች አሉ። ሻንጣው፣ ኮዳው፣ የመኝታ ከረጢቱ ቢጠፋ በሌላ ይተካል። መሣሪያው ቢጠፋ ግን ወታደራዊ ፍርድ ቤት ያቆማል፣ እስር ቤትም ሊያስገባ ይችላል። ያም ሆኖ መሣሪያውን ባቡር ውስጥ ወይም አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ጥሎ የሄደ ወታደር ወሬ በአገሪቱ ጋዜጦች አልፎ አልፎ ይወጣል። ቅጣቱ ይህን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ ሰው እንዴት ይረሳል? ከረሳስ በምን ሚዛን እንፍረደው?

ለረሺው የሚቆም ጠበቃ ጠንካራ መከራከሪያ አለው። መርሳት ድርጊት አይደለም ይላል። ሰው ይዋሻል፣ ይሰርቃል፣ ይመታል፤ እነዚህን ሲያደርግ መርጦ ነው። «አሁን ልርሳ» ብሎ የረሳ ግን በዓለም ላይ የለም። ልርሳው ብሎ የሚታገል ሰው እንዲያውም ያንኑ ነገር እያሰበ ነው። ታዲያ ያልመረጠውን ነገር በምን ሕሊና እንወቅሰዋለን? አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰው የሚመሰገነውና የሚወቀሰው በፈቃዱ ባደረገው ነው ይላል። ሳያውቁ ለሚሠሩ ጥፋቶች ምሳሌ ሲያመጣም ከጦር መሣሪያ መንደር አንድ ሰው ይጠራል፤ መወንጨፊያውን ሊያሳይ ብቻ ብሎ የተፈተለከበትን ሰው። ነገር ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ትንሽ ዝቅ ብሎ ፍርዱን ያጠብቀዋል። ባለማወቁ የሚያመካኝ ሰው ያላወቀው በቸልተኝነቱ ከሆነ ይጠየቃል፤ መጠንቀቅ በእጁ ነበርና። ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ለረሳ ሰው መጠንቀቅ በእጁ ነበር ወይ?

የመርሳት ጠባይ ነገሩን ያወሳስበዋል። ሰው ዋናውን ሥራ በመሥራት ላይ እያለ የያዘውን ብዙም አይረሳም፤ የሚረሳው ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነው። የባንክ ገንዘብ ማውጫ ማሽን ለዚህ ምስክር ነው። ብሩን ቀድሞ የሚሰጥ፣ ካርዱን ቆይቶ የሚመልስ ማሽን ካርድ ያስረሳል፤ ሰው የመጣበትን ብር ከያዘ ልቡ ሄዷል። ማሽኑ ካርዱን ሳይወስዱ ብር እንዳይሰጥ ተደርጎ ሲሠራ የሚረሳው ካርድ ይቀንሳል። የሰዎቹ አእምሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ሥልጠናም ከዚህ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዋሽንግተን ውስጥ የአሜሪካ ምክር ቤት ጠባቂ ፖሊሶች ሽጉጣቸውን መጸዳጃ ቤት ትተው መውጣታቸው ተሰማ፤ አንዱን ያገኘው ከወላጆቹ ጋር ሊጎበኝ የመጣ ሕፃን ነበር። በ2020 ደግሞ የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የዴቪድ ካሜሮን ጠባቂ ሽጉጡን አውሮፕላን መጸዳጃ ውስጥ ረሳ። እነዚህ ሰዎች ኑሯቸው መሣሪያ ነው። ለዕረፍት የሚመጣው ወታደርም መንገዱን ሁሉ የሚያስበው ቤቱን ነው። ባቡሩ ረሖቮት ሲደርስ አእምሮው «ደረስኩ» ይላል፤ አደጋውም ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ የረሳበትን ቅጽበት ብንመረምር የሚወቀስ ነገር አናገኝም። ቅጽበቱ ባዶ ነው፤ ምርጫም ሐሳብም የለበትም። እኔ የምለው ግን ከዚህ ተነስተን ረሺውን ነፃ እንልቀቀው አይደለም። ፍርዱ የሚያርፍባቸው ሁለት ሌሎች ቦታዎች አሉ፤ ከመርሳት በፊት የነበረው ዝግጅትና ከመርሳት በኋላ የሚመጣው ሰዓት።

ዝግጅት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ረሖቮት ውስጥ ከሚገኘው የኪቡጽ ኮረብታ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከ1945 እስከ 1948 ድረስ እዚያ ኮረብታ ላይ ልብስ የሚያጥቡና ዳቦ የሚጋግሩ ወጣቶች ይታዩ ነበር። ከእግራቸው በታች፣ 8 ሜትር ገደማ መሬት ውስጥ፣ ጓደኞቻቸው ሃጋና ለተባለው የአይሁድ ድብቅ ጦር ጥይት ይሠሩ ነበር። ቦታው አያሎን ተቋም ይባላል፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። መግቢያው በልብስ ማጠቢያው ማሽን ሥር ተደብቆ ነበር። እንግሊዞች አገሩን በሚያስተዳድሩበት በዚያን ዘመን መሣሪያ መያዝ እስከ ሞት ሊያስቀጣ ይችል ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከሁለት ሚሊዮን በላይ የ9 ሚሊሜትር ጥይት ለስቴን ጠመንጃ ተሠርቶ ወጥቷል፤ እንግሊዞችም ሳይደርሱበት ቀሩ።

ያን ምስጢር ሊያፈርሰው ይችል የነበረው በጫማ ሶል ላይ የምትጣበቅ የናስ ፍቅፋቂ ነበረች። የጥይት ቀለህ ከናስ ሲቆረጥ ትንንሽ ስባሪ ይረግፋል፤ ስባሪው ሶል ውስጥ ይሰካል፤ ሠራተኛው ሳያውቅ ይዞት ወደ ላይ ይወጣል። ሣሩ ላይ የምታብለጨልጭ አንዲት ቅንጣት ላየ ወታደር በቂ ምልክት ናት። ስለዚህ ሰው ከጉድጓዱ ከመውጣቱ በፊት ልብሱና ጫማው ይፈተሽ ነበር። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ወጣቶች «እያንዳንድህ ተጠንቀቅ» ተባብለው አልተለያዩም፤ ሰው እንደሚዘናጋ ከመጀመሪያው አምነው በመውጫው ላይ ፍተሻ አቆሙ። ጥንቃቄን ከአንድ ሰው ጭንቅላት አውጥተው የጋራ ሥርዓት አደረጉት።

መጠንቀቅ በእጃችን ነው የሚባለው በዚህ መንገድ ብቻ ይመስለኛል። ሳልረሳ እኖራለሁ ብሎ መማል በሰው እጅ አይደለም። ማንገቻውን ሳላወልቅ እቀመጣለሁ፣ ከመነሳቴ በፊት ወንበሩን በእጄ እዳስሳለሁ፣ ቤት ስደርስ ከሁሉ በፊት መሣሪያውን እቆልፋለሁ ማለት ግን በእጅ ነው። እሑድ ጠዋት ልጇ ወደ ጦር ሰፈሩ ሲመለስ ደጅ ላይ ቆማ «ልጄ፣ ጠመንጃህን ያዝህ?» የምትል የቂርያት ሞሼ እናትም የዚሁ ሥርዓት አካል ናት። ጥያቄዋ ልጇን አያሳንሰውም፤ የልጇን ማስታወስ በራሷ ላይ ትደርብለታለች። እንዲህ ያለ ልማድ ለመያዝ ያልሞከረ ሰው ሲረሳ የምንወቅሰው ስለረሳ አይደለም፤ እንደማይረሳ ሰው ስለኖረ ነው።

የጥንት ሕግም በዚህ ላይ አልተሳሳተም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 የሰውን ንብረት የተረከበ ሰው መቼ ይከፍላል፣ መቼ ይምላል የሚለውን በየመልኩ ይለያል። የታልሙድ ሊቃውንት በዚያ ላይ ሲመራመሩ ስርቆትን ወደ ድንገተኛ አደጋ፣ መጥፋትን ግን ወደ ቸልተኝነት አስጠግተው መደቡት። ሌባ ከውጭ ይመጣል፤ የጠፋ ነገር ግን ከጠባቂው እጅ ወድቆ ነው። የተረከቡት ነገር ከራስ ንብረት ይልቅ የሚከብደውም ለዚህ ነው። በጎንደር ገጠር በሬ ሸጦ ውጅግራ ወይም ምንሽር የገዛ ገበሬ ጠመንጃው ቢጠፋ የጠፋው የገዛ በሬው ነው። ወታደር የያዘው መሣሪያ ግን የሕዝብ አደራ ነው፤ ሲጠፋ ያመነው ሁሉ ይጎዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቦታ፣ ከመርሳት በኋላ ወዳለው ሰዓት፣ እንምጣ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አንድ ዓይነት አደጋ ሁለት ቦታ ይነገራል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ዱር የገባ ሰው አለ፤ የመጥረቢያው ብረት ከዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን ይገድለዋል። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 ደግሞ ከነቢዩ ከኤልሳዕ ደቀ መዛሙርት አንዱ ዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ወልቆ ውሃ ውስጥ ይገባል። ብረቱ የወለቀው ያው ነው፤ ልዩነቱ ያረፈበት ቦታ ነው። አንዱ ውሃ ላይ፣ አንዱ ሰው ላይ። በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል በ1976 የሥነ ምግባር ዕድል ብለው ያነሱት የፍልስፍና ጥያቄ ይኸው ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ሲዘናጉ፣ የአንዱ መዘናጋት ሰው ገድሎ የሌላው ያለ ጉዳት ቢያልፍ፣ እኩል ይወቀሳሉ?

ኦሪት የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ሚዛኑን አልሳተም። ብረቱ የወለቀበት ሰው ሞት አይገባውም። ነገር ግን እንደ ወትሮው ወደ ቤቱ ገብቶ አይተኛም፤ ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ እዚያ ይቀመጣል። ወንጀል ሳይኖርበት ዕዳ አለበት። ባቡር ውስጥ የተረሱ ሁለት ጠመንጃዎችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ በሩብ ሰዓት ውስጥ በቅን ሰው እጅ ተመለሰ፤ ሌላው ደም አፈሰሰ። የሁለቱ ወታደሮች ቸልተኝነት እኩል ነው፣ ወቀሳቸውም እኩል ሊሆን ይገባል። ዕዳቸው ግን እኩል አይደለም። ሁለተኛው ከሟች ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ፊቱን ሊያዞር አይችልም።

የዮርዳኖሱ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ብረቱ ውሃ ውስጥ እንደገባ ወዲያው ጮኸ፤ የተውሶ እንደሆነም ለጌታው ተናገረ። ኤልሳዕም የት እንደወደቀ ጠየቀው፤ እሱም ቦታውን አሳየው። ብረቱ ወደ ላይ የተንሳፈፈው ከዚህ በኋላ ነው። ተአምሩን ለእምነት እንተወውና የሰውየውን ጠባይ እንይ። አልደበቀም፣ አላመካኘም፣ እስኪጠይቁኝ ድረስ ብሎ ዝም አላለም። መሣሪያ የጠፋበት ሰው ከሁሉ የሚፈተነው በዚህ ላይ ነው። መርሳቱ ያልመረጠው ነገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ የዝምታ ደቂቃ ግን ምርጫው ነው። መጥፎ ዕድል ወደ በደል የሚለወጠው በዚያች ሰዓት ነው፤ የተረሳው ጠመንጃ ከጨዋ እጅ ወደ ወንበዴ እጅ የሚሻገረውም በዚያችው ሰዓት ነው።

ይህ ከሆነ ቅጣትን የሚያወጣ ባለሥልጣንም ተጠያቂ ነው። የረሳውንና የደበቀውን በእኩል ዓይን የሚያስር ሕግ ሰውን ዝምታ ያስተምራል። የአቪዬሽኑ ዓለም ይህን ቀድሞ ተረድቶታል። በአሜሪካ ከ1976 ጀምሮ ናሳ የሚያስተዳድረው የበረራ ደህንነት ሪፖርት ሥርዓት ሳያስበው ስሕተት የሠራ አብራሪ ስሙ ተጠብቆለት እንዲናገር፣ ከተወሰነ ቅጣትም እንዲድን ያደርጋል። ሰው የሚሞትበት ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች ከቅጣቱ ይልቅ ወሬው በጊዜ መድረሱ ሕይወት እንደሚያድን ገባቸው። ለጠመንጃም ያው ነው። ወዲያው የተናገረ ወታደር ሊገሠጽ ይገባል፤ ከደበቀው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መታሰር ግን የለበትም።

ሦስተኛ ባለዕዳ ደግሞ አግኚው ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የጠፋ ንብረት ያየ ሰው እንዳላየ ሆኖ እንዳያልፍ ያዝዛል፤ ዘጸአት ምዕራፍ 23 ይህንኑ ለጠላት በሬና አህያ ጭምር ያደርገዋል። በአገራችን በኢትዮጵያ የነበረው አፈርሳታ ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ንብረት ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ነገሩ እስኪወጣ ይውላል፤ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር አገሩ ተዋጥቶ ይክስ ነበር። ንጹሑን ከበደለኛ ጋር ማንገላታቱን አልመኘውም። ከሥሩ ያለው ሐሳብ ግን እውነት አለው፤ በመካከላችን የጠፋ ነገር የሁላችን ጉዳይ ነው። እስራኤል ውስጥ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ ባለቤት የሌለው መሣሪያ ያየ ሰው ሊነካው አይገባም፤ አጠገቡ ቆሞ ሌላ እንዳይነካው ይጠብቅ፣ 100 ደውሎ ፖሊስ ይጥራ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያየ ሰው ጠባቂ ሆኗል።

ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 የሐማስ ጥቃት በኋላ እስራኤል ለሲቪሎች የመሣሪያ ፈቃድ የምትሰጥበትን ደንብ አላልታለች፤ በኢትዮጵያም ገጠር መሣሪያ የሌለው ቤት ብርቅ የሆነበት አካባቢ ጥቂት አይደለም። መሣሪያ ሲበዛ የሚረሳ መሣሪያም መብዛቱ አይቀርም፤ ሰው ያው ሰው ነውና። ስለዚህ ለአንድ ሰው ጠመንጃ የሚያስረክብ አገር፣ ጦር ወይም ቤተሰብ አብሮ የሚያስረክበው ነገር ሊኖር ይገባል፤ መቆለፊያ፣ ልማድ፣ ደጅ ላይ የሚጠይቅ ሰው፣ ሲጠፋበት ሳይፈራ ጮኾ የሚናገርበት ቦታ። እነዚህን የነፈገው አስረካቢ በረሺው ላይ ብቻ ሊፈርድ አይችልም። እነዚህን ሁሉ ተቀብሎ የናቀ፣ ወይም ረስቶ የደበቀ ደግሞ «ረሳሁ» ብሎ ሊያመልጥ አይገባውም።