ለማናየው ሕመምተኛ የሚሰጥ ምጽዋት

በሸዋ ሮቢትም ሆነ በይፋት ቆላ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥና እርምጃው የሚያጥር አረጋዊ ስናይ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። አንዳንዴ ግን ፓርኪንሰን የተባለው የአንጎል ሕመም ነው፤ መድኃኒት ያስታግሠዋል እንጂ እስከ ዛሬ አያድነውም።

ታዲያ ሕመምተኛው አባት በቤት ሳለ፣ ፍሬውን ላያይ ለሚችለው ምርምር ቤተሰቡ ገንዘብ መስጠቱ ተገቢ ነውን?

ከጎግል መሥራቾች አንዱ የሆነው ሰርጌ ብሪን እናቱ በዚህ ሕመም ተይዘው ነበር፤ እርሱም በቤተሰቡ የበጎ አድራጎት ተቋም አማካይነት ለምርምር ብዙ ሀብት ሰጠ። ተቋሙ ከደገፋቸው ሥራዎች አንዱ በ2023 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች ዘንድ ለሕመሙ የሚያጋልጥ፣ ቀድሞ ያልታወቀ የዘረ መል ለውጥ ገለጠ። ለዚሁ ጥናት ብዙ ናይጄሪያውያን ናሙና ሰጥተዋል። ከአንድ ቤት ሐዘን የተነሣው ስጦታ ለማይተዋወቁ ሰዎች ደረሰ፤ ባለጠጋ ያልሆነውም ከአካሉ ሰጠ።

ሆኖም ምጽዋት ሥርዓት አለው። ደጉ ሳምራዊ አስቀድሞ ቁስሉን አሰረ፤ ከዚያም እርሱ ለማይገኝባቸው ቀናት ገንዘብ ተወ። እኛም አስቀድመን የቤታችንን ሕመምተኛ እናጉርስ፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንስጠው፤ ከሰውም አንደብቀው። ቀጥለን ሌሎቹን ሕሙማን እናስብ፤ ራሳቸው ሕመምተኛ የሆኑት ወይዘሮ ክብራ ከበደ በአዲስ አበባ የሕሙማኑን መርጃ ድርጅት የመሠረቱት እንዲህ አስበው ነው።

ከዚህ በኋላ ለተዝካር ከምናወጣው፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለሰደቃ ከሚያወጡት ጥቂቱ ለምርምር ቢውል የሟቹ መታሰቢያ አይጎድልም። የሚገኘው መድኃኒት ለድኻው እንዲደርስ መጠየቅም የሰጪው ግዴታ ነው፤ እስኪደርሰው ድረስ ምጽዋቱ አልተፈጸመምና።