የተሰጠ ምስጢር የማን ነው?

በአሜሪካ የፌዴራል ግብር ሕግ አንቀጽ 6103 መሠረት የግብር ከፋይ መረጃ ምስጢር ነው። ባለቤቱ ግን ቅጽ 8821ን ፈርሞ ሌላ ሰው እንዲያየው መፍቀድ ይችላል። ቅጹ የግብሩን ዓይነትና ዓመቱን ለይቶ ይጠይቃል፤ «ሁሉም ዓመታት» ብሎ መሙላት አይቻልም (ከቅጹ ሁሉ ብልህ የሆነው ክልከላ ይህ ሳይሆን አይቀርም)። ተፈቃጁ ያያል እንጂ ስለ ባለቤቱ አይከራከርም፤ የውክልናው ቅጽ ሌላ ነው፣ 2848።

ጥያቄው ምስጢር ሲሰጥ ምን ይሰጣል የሚለው ነው። ያበደሩት ቁልፍ ይመለሳል፤ የታወቀ ነገር ግን አይመለስም። ፈቃዱ ቢሻር የሚቋረጠው ወደፊት የሚታየው ብቻ ነው። ስለዚህ ፈቃድን ንብረት ከማስተላለፍ ይልቅ በተቀባዩ ላይ አደራ እንደ መጣል ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግም ወደዚህ ያዘነብላል፦ ተቀባዩ መረጃውን ከተፈቀደለት ዓላማ ውጭ እንዳይጠቀምበት፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድም ለሌላ እንዳያሳልፈው ይከለክላል።

ከባዱ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ግብራቸውን በጋራ ያሳወቁ ጥንዶች የየራሳቸውን ቅጽ ይፈርማሉ። የሁለቱ ደመወዝ ግን በአንድ መስመር ተደምሮ ስለሚሰፍር የአንዱን ምስጢር ከሌላው መለየት ያስቸግራል፤ ቅጽ በማብዛት የሚፈታም አይደለም።